ከዘንጉ በፊት ውኃውን
በባሌ ደጋ ዓሣን በመንጠቆ የማጥመድ ሥራና ሂሳቡ

በሮቤና በጎባ ገበያ የሚታወቀው ስንዴ፣ ገብስ፣ ማርና የቀንድ ከብት ነው። የዓሣ ስም በዚህ ገበያ ብዙም አይነሳም። ይሁን እንጂ የባሌ ደጋና አዋሳኙ የሁለት ዓይነት የዓሣ ውኃ ባለቤት ነው። አንደኛው ከተራራው እየወረደ በዲንሾ በኩል የሚያልፈው የወይብ ወንዝና እንደ ዳንካና ሻያ ያሉት ቀዝቃዛ ወንዞች ሲሆኑ፣ በእነዚህ ውስጥ ትራውት የተባለው ዓሣ ይኖራል። ሁለተኛው ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዲንሾ ታልፎ በአዳባ አካባቢ የሚገኘው የመልካ ዋከና ግድብ ሐይቅ ነው። በዚህኛው ውስጥ ካርፕ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ይገኛል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚህም በኋላ ከጎብኚ ጋር የተያያዘ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ የአካባቢው ወጣት በመንጠቆ ማጥመድን እንደ አንድ አማራጭ ቢመለከተው አያስገርምም። ሥራው ትልቅ ካፒታል የማይጠይቅ መስሎ ይታያል። ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆና ትዕግሥት ካለ የቀረው የዓሣው ፈቃድ ነው ይባላል። ነገር ግን ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያጠፋው ዓሣ ስለጠፋ ሳይሆን ለአንዱ ውኃ የሚሆነውን ዕቃ ለሌላው ውኃ በመግዛቱ ነው። ስለዚህ ወደ ዕቃ መደብር ከመሄድ በፊት ሁለቱን ዓሦች ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሁለት እንግዶች

ካርፕም ሆነ ትራውት ለኢትዮጵያ ውኃ እንግዶች ናቸው። ካርፕ ወደ አገራችን ሲገባ በቅድሚያ ከተለቀቀባቸው ውኃዎች አንዱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የሚገኘው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆቃን ጨምሮ ወደ ሌሎች ሐይቆችና ግድቦች ተሰራጭቷል። መልካ ዋከና የተሠራው ግን ለዓሣ ተብሎ አይደለም። በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የቆመው ይህ ግድብ 153 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት ታስቦ የተገነባ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረውም በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ዓሣው የግድቡ ተጨማሪ ሲሳይ ነው ማለት ይቻላል።

ትራውት ደግሞ ከሃምሳ ዓመታት በፊት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ኬንያም ብትሆን ዓሣውን ያገኘችው ከሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንዱ ሎክ ሊቨን ሐይቅ የመጣ የትራውት እንቁላል በአበርዴር ተራሮች በሚገኘው የጉራ ወንዝ ተለቅቆ ነበር። በስኮትላንድ፣ በኬንያና በባሌ ደጋ መካከል ያለው የጋራ ነገር አንድ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጥሩና ፈጥኖ የሚፈስ ውኃ።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትራውት የሚስማማው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። ካርፕ በአንጻሩ የሚፋፋው ውኃው ከ18 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች መብላቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ትራውት በዓይኑ አይቶ፣ አሳዶ የሚይዝ አዳኝ ነው። ካርፕ ግን በአፉ ዙሪያ ባሉት አጫጭር ጢሞቹ ጭቃውን እየዳሰሰ፣ እየሳበና እየተፋ ከሥር የሚለቅም ነው። ለአንዱ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለሌላው የተቀመጠ ምግብ ያስፈልጋል ማለት ነው። የዕቃውም ልዩነት ከዚሁ የመነጨ ነው።

ለካርፕ የሚሆነው ዕቃ

ካርፕ ከባድና ጉልበተኛ ዓሣ ነው። መንጠቆው ሲይዘው በአንድ ትንፋሽ ሃምሳ ሜትር ክር ይዞ ሊሮጥ ይችላል። በመሆኑም 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ጫፉ እንደ ልብ የሚታጠፍ፣ እጀታው ግን ጠንካራ የሆነ ዘንግ ይመረጣል። በሁለት የሚከፈል ቢሆን በአውቶቡስ ለማጓጓዝ ያመቻል።

የክር መጠቅለያው ዋና ጥቅም ክሩን መሰብሰብ ብቻ አይደለም። ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቅ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ገዢው በመደብሩ ውስጥ ፍሬኑን አላልቶ ክሩን በእጁ ቢጎትት፣ ክሩ ሳይንገጫገጭ በእኩል ፍጥነት መውጣት አለበት። እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ውድ ቢሆንም መግዛት አያስፈልግም፤ ትልቁን ዓሣ የሚያስመልጠው እሱ ነው።

ክሩ ከ0.30 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ቢሆን ይበቃል። ፀሐይ ናይለንን ስለሚያደርቀው በሱቅ መስኮት ላይ ለብዙ ጊዜ የተሰቀለ ክር ርካሽ ነው ተብሎ መገዛት የለበትም። በመንጠቆ ቁጥር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ለካርፕ ከቁጥር 4 እስከ 8 ያለው ተስማሚ ሲሆን፣ ትንሽ ግን ወፍራም ሽቦ ያለው ይመረጣል። ክሩን ሥር የሚያስቀምጠው እርሳስ ከ60 እስከ 100 ግራም ቢሆን በነፋስም ጊዜ ይወረወራል።

ከዚህ ሌላ ዓሣውን ከውኃ የሚያወጡበት ሰፊ አፍ ያለው የእጅ መረብ ያስፈልጋል። ካርፕን በክር ብቻ ወደ ላይ ማንጠልጠል ክሩንም ዓሣውንም ማጣት ነው። በውጭ አገር ዓሣው መንከሱን የሚናገር በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ይሸጣል። በዘንጉ ጫፍ ላይ የታሰረች ትንሽ ቃጭል ይህንኑ ሥራ በጥቂት ብር ትሠራለች።

ማባበያው ከእህል ተራ

በመንጠቆው ላይ የሚደረገውን ምግብ በተመለከተ የባሌ ሰው ዕድለኛ ነው። ካርፕ የሚወደው ነገር ሁሉ በሮቤ እህል ተራ ይገኛል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዎከር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 በሬድማየር ኩሬ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ካርፕ አጥምዶ በአገሩ ክብረ ወሰን ሲይዝ የተጠቀመው ማባበያ ሊጥና የዳቦ ቅርፊት ነበር።

በቆሎ ቀዳሚው ነው። ፍሬው 24 ሰዓት በውኃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቀላል፤ በቀቀለበት ውኃ ውስጥ ሲያድር ጣፋጭነቱና ሽታው ይጨምራል። ሽምብራም እንዲሁ ተዘፍዝፎ ይቀቀላል። ጥሬ እህል መወርወር ግን በጣም ጎጂ ነው። ደረቅ ፍሬ በዓሣው ሆድ ውስጥ ስለሚያብጥ ዓሣውን ሊገድለው ይችላል።

ሁለተኛው ሊጥ ነው። የስንዴ ዱቄትና በሶ በእንቁላል ብቻ፣ ውኃ ሳይጨመር ይለወሳል፤ ትንሽ ማር ቢገባበት ይሻላል። ሊጡ እንደ ሽምብራ ፍሬ እየተድቦለቦለ በፈላ ውኃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ተቀቅሎ በጥላ ሥር አንድ ቀን ይደርቃል። ቅርፊቱ ስለሚጠነክር ትናንሽ ዓሦች አይሸራርፉትም፤ ለትልቁ ይቆያል። በአውሮፓ በፋብሪካ ተሠርቶ በኪሎ የሚሸጠው የካርፕ ማባበያ አሠራሩ ይኸው ነው።

ሦስተኛው የመሬት ትል ነው። ከበረት አጠገብ ካለ እርጥብ አፈር ይቆፈራል። ነገር ግን ትል ካርፕን ብቻ ሳይሆን አምባዛንም ስለሚጠራ ካርፕ ብቻ የሚፈልግ ሰው በእህል ቢጸና ይሻላል።

ማባበያውን እንዴት በመንጠቆ ላይ ማድረግ እንደሚገባም ትምህርት አለው። ፍሬውን በመንጠቆ መውጋት የተለመደው ዘዴ ነው። ካርፕ ግን ያጎረሰውን በአፉ መርምሮ የሚተፋ ተጠራጣሪ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሌኒ ሚድልተንና ኬቪን ማዶክስ የተባሉ እንግሊዛውያን አጥማጆች ለዚህ መላ አገኙለት። ፍሬውን በመንጠቆው ላይ ሳይሆን ከመንጠቆው በታች በተንጠለጠለች አጭር ቀጭን ክር ላይ አሰሩት። ዓሣው ፍሬውን ሲስብ ባዶው መንጠቆ አብሮ ይገባል፤ ሊተፋ ሲል ደግሞ መንጠቆው የታችኛውን ከንፈሩን ይይዛል። ይህች ሁለት ሳንቲ ሜትር ክር በዓለም ዙሪያ የካርፕ ማጥመድን ሥራ ለውጣለች፤ ዋጋዋም ከምንም አይቆጠርም።

አንድ ቀን በሐይቁ ዳር

መልካ ዋከና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ውኃው እንደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሞቀ አይደለም። ስለሆነም ጎህ ሳይቀድ መድረስ ለካርፕ የግድ አይደለም። በደረቁ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን፣ ዓሣው የሚነቃው ፀሐይዋ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ካሞቀች በኋላ ነው። ጠዋቱ መመልከቻ ጊዜ ነው።

ልምድ ያለው አጥማጅ የመጀመሪያዋን ሰዓት ዘንጉን ሳይፈታ ያሳልፋል። ከሥር ተከታትለው የሚወጡ አረፋዎች፣ በጠራው ውኃ መሐል የደፈረሰ ደመና፣ ከውኃ ዘልሎ የሚመለስ ዓሣ፣ እነዚህ ሁሉ ካርፕ የሚበላበትን ቦታ ይጠቁማሉ። ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ ለሰዓታት ከነፈሰ የሞቀው የላይኛው ውኃና ምግቡ ወደሚነፍስበት ዳር ስለሚገፋ ዓሣውም ይከተላል። ፊቱን ነፋስ የሚመታው አጥማጅ ጀርባውን ከሚመታው የተሻለ ዕድል አለው።

ቦታው ከተመረጠ ጥቂት እፍኝ የተቀቀለ በቆሎ ይበተናል፤ ጥቂት የሚባለው የምር ጥቂት ነው። ካርፕን ማጥገብ የአጥማጁ ዓላማ አይደለም። መንጠቆው በተበተነው መሐል ይወረወራል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ቃጭሏ ትታሰራለች። ከዚያ በኋላ ዳሩ ላይ መራመድና መጮህ ክልክል ነው፤ ዓሣ የእግር ኮቴን በመሬቱ ንዝረት ያውቃል።

ቃጭሏ አንድ ጊዜ ጠቅ ብትል ዓሣው እየዳሰሰ ነው፤ ይጠበቃል። ሳታቋርጥ ስትጮህና ክሩ ሲሄድ ግን ዘንጉ ከፍ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያለው የጉልበት ሳይሆን የፍሬን ሥራ ነው። ዓሣው ሲሮጥ ይለቀቅለታል፣ ሲያርፍ ይሰበሰባል። ወደ መረቡ የሚገባው በጎኑ ከተኛ በኋላ ነው። የሚለቀቅ ከሆነ እጅን አርሶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን የላይኛውን ለሐጭ ይገፍፈዋል።

ግድቡ የኃይል ማመንጫ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የውኃው ከፍታ እንደ ዝናቡና እንደ ማመንጫው ሥራ ይወርዳል፣ ይወጣል። ትናንት የቆሙበት ደረቅ ዳር ዛሬ የሚያሰምጥ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ወደ ግድቡ አካልና ወደ ውኃ መግቢያው መጠጋትም አደጋ ነው።

ወይብ ላይ ዕቃው ይለወጣል

ከላይ የተዘረዘረውን የካርፕ ዕቃ ይዞ ወደ ወይብ የወረደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በጠራ ወንዝ ውስጥ ያለ ትራውት ወፍራም ክር ያያል፣ የ100 ግራም እርሳስ ሲወድቅ ይሸሻል። እዚህ የሚያስፈልገው ከ2 ሜትር ከ40 እስከ 2 ሜትር ከ70 የሆነ ቀላል ዘንግና ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚሸከም ቀጭን ክር ነው። ማባበያውም እህል ሳይሆን ላባና ክር የተጠቀለለበት ሰው ሠራሽ ዝንብ ወይም በውኃ ውስጥ የሚሽከረከር ጥቂት ግራም የምትመዝን የብረት ቅጠል ነው። አጥማጁ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከታች ወደ ላይ እየተራመደ ከድንጋይ ጀርባ ያለውን የተረጋጋ ውኃ ይሞክራል። ዓሣው አፉን ወደሚመጣው ውኃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው የሚመጣን ሰው አያይም።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። በዝናብ ወራት ወንዙ ሲደፈርስ በዓይኑ የሚያድነው ትራውት አይሠራለትም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ የተሻለ ነው። የላይኛው ወይብና ዳንካ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ስለሚያልፉ አስቀድሞ ከዲንሾው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በኪሎ ወይስ በቀን?

ወደ ሂሳቡ ስንመጣ ጥያቄው ዓሣው እንዴት ይሸጥ የሚለው ነው። በኪሎ የሚሸጥ ካርፕ ብዙ ችግር አለበት። ሥጋው መሐል ቀጫጭን አጥንት ስለሚበዛ ገዢ ቆሮሶን ያስቀድማል። በደጋው የዓሣ ተመጋቢው ጥቂት ነው፤ ፍላጎቱ የሚጨምረው በጾም ወራት፣ ይልቁንም በሁዳዴ ነው። በረዶ በሌለበት ደግሞ ዓሣው በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። በመረብ ብዙ ከሚያወጣው ጋር በመንጠቆ መወዳደርም አያዋጣም።

በመንጠቆ የሚያተርፈው ዓሣውን ሳይሆን ቀኑን መሸጥ ነው። አንድ ዓሣ በኪሎ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ያው ዓሣ ተይዞ ቢለቀቅ ለሚቀጥለው እንግዳም ሥራ ይሆናል። እንግዳው ለዕቃ ኪራይ፣ ለመሪ፣ ለፈረስ፣ ለምሳና ለመኝታ ይከፍላል፤ ገንዘቡም በዲንሾ፣ በአዳባና በሮቤ ይቀራል።

ለስሌት ያህል፣ ይህ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ምሳሌ ነው፣ አንድ ሙሉ ዕቃ በ6,000 ብር ተገዛ፣ በቀን በ150 ብር ተከራየ እንበል። ዋጋውን ለመመለስ 40 የኪራይ ቀን ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት አራት ወራት 17 ሳምንት ገደማ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ቢከራይ 34 ቀን፣ 5,100 ብር ይሆናል። ለክር፣ ለመንጠቆና ለእርሳስ 600 ብር ቢወጣ የሚተርፈው 4,500 ብር ነው። 1,500 ብር ለሚቀጥለው ዓመት ዕዳ ሆኖ ይሻገራል ማለት ነው። ስለዚህ በስድስት ወር በሚከፈል ብድር ይህን ዕቃ መግዛት አይመከርም። የዕቃ ኪራይ ብቻውን ሥራ አይሆንም፤ ከመሪነት ክፍያ ጋር ሲጣመር ግን ያው 34 ቀን ሁለት ገቢ ያስገኛል።

በሁለቱም ውኃ ለመሥራት የሚፈልግ ማኅበር አባላቱን ለሁለት ከፍሎ ቢጀምር፣ አንዱ ቡድን የካርፕን፣ ሌላው የትራውትን ዕቃና ባሕርይ ቢያጠና ይጠቅመዋል። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ መግዛት ግን ገንዘብን ማሰር ነው።

ከባልዲው ይጠንቀቁ

ይህን ሥራ በአንድ ቀን ሊያበላሸው የሚችለው ነገር በባልዲ የተያዘ ሕይወት ያለው ዓሣ ነው። ካርፕ ለመብላት ጭቃውን ስለሚቆፍር የገባበትን ውኃ ያደፈርሳል፤ አንዲት እንስት በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በጎ የሠራ መስሎት ካርፕን ከመልካ ዋከና ወደ ሌላ ኩሬ ወይም ጅረት የወሰደ ሰው መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ትራውትንም ዓሣ ወደሌለባቸው የሳኔቲ ኩሬዎች መውሰድ እንደዚሁ ነው። የባሌ ተራሮች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች ያሉበት አካባቢ ሲሆን፣ ትራውት ደግሞ ያገኘውን የሚውጥ አዳኝ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ይህን የመሰለው ሥራ በፈቃድና በቁጥጥር እንዲሆን ነው።

ለጀማሪ የሚበጀው አካሄድ እንግዲህ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ወር ዘንግ ሳይገዙ ሐይቁን ወይም ወንዙን በየሳምንቱ ሄዶ ማየት፤ አረፋው የት እንደሚወጣ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚዞር፣ ውኃው መቼ እንደሚጠራ በደብተር መመዝገብ። በሁለተኛው ወር በአንድ ዕቃ ራስ መለማመድ። ከሦስተኛው ወር በኋላ እንግዳ መቀበል። እንግዳው ዘንግ ከአገሩ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይዞ የማይመጣው ውኃውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚከፍለውም ለዚሁ ነው።